ውጭ መሽናት የለመደ ውሻ ድንገት ቤት ውስጥ ሲሸና

ውሻችሁ ለዓመታት ጨዋ ነበር። ሽንቱ ሲመጣ በሩን ይቧጭራል፣ ትከፍቱለታላችሁ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። አሁን ግን ጠዋት ሳሎን ስትገቡ ካልሲያችሁ ይረጥባል። በማግስቱም እንደዚያው። ቤቱ መሽተት ጀምሯል፣ የቤተሰቡ ፊት ጠቁሯል፣ አንዱ «ይሄ ውሻ ግቢ ይውጣ» እያለ ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ «እልህ ይዞት ነው» የሚል ነው። ትቼው ስለወጣሁ፣ ስለተቆጣሁት፣ አጥንት ስለከለከልኩት ቂም ይዞ ነው ይላል። ውሻ ሽንቱን ለበቀል አይጠቀምበትም። «ታዲያ ስገባ ለምን አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይይዛል? ጥፋቱን ያውቃል እኮ» የሚልም አይጠፋም። አሜሪካዊቷ የውሻ ባህርይ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ይህንኑ ፈትሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናት አሳትማለች። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት ያሳዩት አጥፍተው ስለነበር ሳይሆን ባለቤቶቻቸው ስለተቆጧቸው ነው። ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ስለዚህ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ በጫማ መምታት፣ በረንዳ ላይ አስሮ ማሳደር ይቅር። የተመታ ውሻ የሚማረው «ቤት ውስጥ አይሸናም» የሚለውን አይደለም፤ «ሰው እያየኝ መሽናት አደገኛ ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ሶፋ ጀርባና አልጋ ሥር ገብቶ መሽናት ይጀምራል፣ ውጭ ስታወጡትም እናንተ አጠገቡ እስካላችሁ ድረስ አልሸናም ብሎ ግማሽ ሰዓት ያንከራትታችኋል። ችግሩን በገዛ እጃችን አከበድነው ማለት ነው።

ከመወልወላችሁ በፊት እዩት

መወልወያውን ለማምጣት አትቸኩሉ። ሽንቱ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል።

መጠኑን እዩ። ትልቅ ኩሬ ነው ወይስ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ? ነጭ ሶፍት ነክራችሁ ቀለሙን እዩ። ንጣፍ ላይ የማይታይ ሮዝ፣ ቀይ ወይም የጠቆረ ሻይ የመሰለ ቀለም ነጭ ሶፍት ላይ ወዲያው ይታያል። የት ነው የሸናው? መሬት ላይ ወይስ የሶፋው እግር፣ የመጋረጃው ጫፍ፣ የበሩ ጠርዝ ላይ? መቼ ነው? ሌሊት፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሰው ሲገባ ወይስ ብቻውን ሲሆን? የመጨረሻውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ውሻው እየሸና መሆኑን ያውቃል? ቁጢጥ ብሎ ወይም እግሩን አንስቶ ከሸና ያውቃል። ተኝቶ ተነስቶ የተኛበት ቦታ ረጥቦ ከተገኘ፣ ወይም እየተራመደ ከተንጠባጠበበት፣ አያውቅም። የሚያውቅና የማያውቅ ውሻ ችግራቸው የተለያየ ነው።

እነዚህን ነገሮች ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ዝም ብሎ ይሸናል» ከማለት በጣም ይሻላል።

መጀመሪያ ሕመም መኖሩን አጣሩ

ድንገት የመጣ ለውጥ፣ በተለይ ለዓመታት ንጹሕ የነበረ ውሻ ላይ፣ ሕመም አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። እንደገና ማሠልጠን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታመመን ፊኛ በሥልጠና ማዳን አይቻልም።

በጣም የተለመደው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ሴቶቹ ላይ ይበዛል፣ ቧንቧቸው አጭር ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይገባል። ምልክቱ ቶሎ ቶሎ እና ትንሽ ትንሽ መሽናት፣ ማማጥ፣ ብልትን ደጋግሞ መላስ፣ አንዳንዴም ደም ነው። ከውጭ ሸንታ ገብታ ከ10 ደቂቃ በኋላ ምንጣፍ ላይ ቁጢጥ ካለች ይህንን ጠርጥሩ። የሽንት ጠጠርም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ወንድ ውሻ ላይ ግን ጠጠሩ ቧንቧውን ሊዘጋው ይችላል። እያማጠ ምንም የማይወጣው ውሻ እስከ ነገ አይጠብቅም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

ኩሬው ትልቅ ከሆነስ? ያኔ የሚጠጣውን ውኃ ተመልከቱ። አንድ ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ነገር አለ። ለመለካት የሚከብድ አይደለም፤ ጠዋት በሃይላንድ ለክታችሁ ሳህኑ ላይ ቅዱ፣ በቀኑ የጨመራችሁትን መዝግቡ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ቀንሱ። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ1 ሊትር በላይ ከጨረሰ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ችግር ወይም ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታ ሊሆን ስለሚችል የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል። መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል። ለማሳከክ ወይም ለአለርጂ ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ውሻ ውኃ እንደ ጉድ ይጠጣል፣ እንደ ጉድም ይሸናል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ፦ «ብዙ ስለሸና» ብላችሁ ውኃ አትከልክሉት። ኩላሊቱ የታመመ ውሻ ውኃ ሲያጣ በአጭር ጊዜ ይወድቃል።

እኛ አገር አብዛኛው ሴት ውሻ ማህፀኗ አልወጣም። ስለዚህ ፒዮሜትራን ማወቅ ግድ ነው። ማህፀን ውስጥ መግል የሚቋጠርበት በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ካለፈ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ውኃ ታበዛለች፣ ቤት ውስጥ ትሸናለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ትደክማለች፣ አንዳንዷ ከብልቷ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣታል፤ አንዳንዷ ግን ምንም ፈሳሽ አይታይባትም፣ እሷ ናት የባሰው አደጋ ላይ ያለችው። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው አፋጣኝ ቀዶ ጥገና ነው። «እስኪ ሰኞ ድረስ እንያት» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ማህፀኗ የወጣላት ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ሆርሞን ሲቀንስ ሽንት የሚዘጋው ጡንቻ ይላላና ተኝታ ሳለች ያመልጣታል። ስትነቃ ምንጣፏ ርጥብ ነው፣ እሷም ግራ ይገባታል። ቀን ቀን ደግሞ በሥርዓት ውጭ ትሸናለች። ይሄ መድኃኒት አለው፣ ብዙዎቹም በደንብ ይሻላቸዋል። ማንም ሊቆጣት አይገባም፣ ምክንያቱም መሽናቷን እንኳ አላወቀችም።

ሽንቱ ቀይ ወይም የጠቆረ ሻይ መስሎ ከታየ እና ከቀናት በፊት የወጥ ትራፊ ከበላ፣ ሽንኩርቱን አስቡ። የእኛ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቁላላም አልተቁላላም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ምልክቱም ከበላ ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው። ድዱ ከነጣ፣ ከደከመ፣ ሲተነፍስ ከቸኮለ በፍጥነት ውሰዱት። ለወደፊቱም ዶሮ ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ አይሰጥም፤ ጣፍጦት ቢበላውም አይሆነውም።

አዛውንቶቹን በተመለከተ፦ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ውሻ ሁለት ነገር ሊገጥመው ይችላል። አንዱ መገጣጠሚያው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ፣ ሊፍት የለም፣ ያ ደረጃ ለእሱ ተራራ ነው፤ መውጣት ይፈልጋል፣ ጉልበቱ ግን እምቢ ይለዋል። ደረጃው ላይ ሲያመነታ፣ ከተኛበት ሲነሳ ሲንገዳገድ ካያችሁ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሰው የሕመም ማስታገሻዎችን ግን እንዳትሰጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ሁለተኛው የአእምሮ እርጅና ነው። በለመደው ቤት ይጠፋበታል፣ ግድግዳ እያየ ይቆማል፣ ሌሊት ይዞራል፣ ውጭ ወጥቶ ለምን እንደወጣ ይረሳና ገብቶ ይሸናል። ለእሱ ቶሎ ቶሎ ማውጣትና ሌሊት መብራት መተው ይረዳዋል።

ሌላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ክትባቱን ያልወሰደ ወይም ያለፈበት ውሻ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም የኋላ እግሩ ከዛለ፣ የሽንቱን ጉዳይ ተዉት። ልጆችን አርቁ፣ አፉን አትንኩ፣ ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ።

ካካ ከሆነስ?

ይሄ ቀለል ይላል። ከፋሲካና ከገና ማግስት የእንስሳት ሐኪሞች ሥራ የሚበዛባቸው በምክንያት ነው። ሁለት ወር ሽሮ ፍትፍት የበላ ውሻ በአንድ ቀን ስብ፣ አንጀትና አጥንት ሲወርድበት ሆዱ ይገለበጣል። ተቅማጥ የያዘው ውሻ በሩ እስኪከፈትለት መቆየት አይችልም። ሕያው ሆኖ እየተጫወተ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን በተቀቀለ ሩዝና ስብ በሌለው ዶሮ ይረጋጋል፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። ካስመለሰው፣ ደም ካለው፣ ጀርባውን አጉብጦ ከቆመ ወይም ቡችላ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ። በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ካካውን ለትላትልና ለጃርዲያ ማስመርመር ነው።

ጤነኛ ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ምን ተለወጠ?

ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ዓይናችሁን ከውሻው ወደ ቤቱ አዙሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷ ለበዓል አገሯ ስትሄድ፣ ወይም ሌላ ሰው ስትተካ፣ ውሻው የለመደው ሰዓት አብሮ ይሄዳል። አዲሷ ልጅ ውሻ ትፈራለች እንበል፤ በሩን ሲቧጭር «ሂድ!» ትለዋለች። እናንተ ማታ ስትገቡ «ዛሬ ወጥቷል?» ትላላችሁ፣ «አዎ» ትላችኋለች። ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ቤት ውላችሁ እዩ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ደብል የምትሠሩ፣ የእናንተም ነገር ይሄው ነው። አዋቂ ውሻ 6 ወይም 8 ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግፍ ነው። የሚያወጣ ሰው ፈልጉ።

ክረምት ደግሞ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ሲወርድ ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን አይቶ ይመለሳል። ከፈታችሁለት፣ ወጣ፣ ገባ፣ «ሸንቷል» ብላችሁ ዘጋችሁ። አልሸናም። ዣንጥላ ይዛችሁ አብራችሁት ውጡና በዓይናችሁ አይታችሁ ተመለሱ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። በረንዳ ወይም ጣራ ያለው ጥግ ካላችሁ ትንሽ አፈርና ሣር በሳጥን አድርጋችሁ አለማምዱት። ነጎድጓድና ርችት የሚፈራው ደግሞ ፍርሃቱ ነው የሚያስሸናው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በመስቀል ደመራ ማታ ሳይመሽ አውጡት፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ አጠገቡ ሁኑ። ሲፈራ ብታባብሉት ፍርሃቱ አይጨምርም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቄጠማ ነው። ውሻ በልጅነቱ የለመደው ወለል ይመርጣል። ሣር ላይ መሽናት የለመደ ውሻ ለበዓል ሳሎኑ በሙሉ ቄጠማ ሲጎዘጎዝለት ምን ያስብ? ለእሱ መጸዳጃው ቤት ድረስ መጣለት ማለት ነው። ቡናው ተፈልቶ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ውሻው መሃል ገብቶ እግሩን ያነሳል። እንደ ባለጌ አትቁጠሩት። ቄጠማው እስኪነሳ ሌላ ክፍል አቆዩት። በተቃራኒው ደግሞ ግቢ ካለው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ውሻ ኮብልስቶን ላይ መሽናት አላውቅም ብሎ ችሎ ይመለስና ቤት ያለው ምንጣፍ ላይ ያፈሰዋል፤ ከእግሩ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው። ከኮብልስቶኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሣር ያለበት ቦታ ፈልጉለት፣ ሁልጊዜም እዚያው ውሰዱት።

ጠብታው ትንሽ ሆኖ ቆሞ ባለ ነገር ላይ ከሆነ፣ ማለትም ግድግዳ፣ የወንበር እግር፣ የእንግዳ ቦርሳ፣ ምልክት ማድረጉ ነው። ሰፈር ውስጥ ወንድ የምትፈልግ ሴት ካለች፣ አዲስ ውሻ ከመጣ፣ አዲስ ሕፃን ከተወለደ ይጀምራል። ወንዱን ማኮላሸት ብዙዎቹ ላይ ይቀንሰዋል፣ ልማድ ከሆነ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ይችላል። ሰው ሲገባ ከደስታ ወይም ከፍርሃት የተነሳ ጠብ የሚያደርገውን ደግሞ ዝም በሉት። ላዩ ላይ አትጎንበሱ፣ ዓይኑን አፍጥጣችሁ አትዩት፣ ሰላምታውን ውጭ አድርጉት። ብቻውን ሲቀር ብቻ የሚሸና፣ በሩን የሚበላና የሚጮህ ከሆነ የብቸኝነት ጭንቀት ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ሐኪም አማክሩ።

ለሐኪሙ ሽንት እንዴት ይያዛል

የሚያስቅ ሥራ ነው ግን ይቻላል። ጠዋት መጀመሪያ ሲወጣ በማሰሪያ ያዙት፣ በሌላ እጃችሁ የታጠበና የደረቀ ጭልፋ ያዙ። የመጀመሪያው ፈሰስ ይበል፣ ከዚያ ጭልፋውን ከኋላ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ፊት ለፊት ከመጣችሁበት ያቆማል። ለሴት አጭር ሳህን ይሻላል። ከፋርማሲ የሚገዛ የሽንት ዕቃ ውስጥ ገልብጡ፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ አድርሱ፣ ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ጓንት አድርጉ፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል ከውሻ ሽንት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ። ከባለፈው የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ ቀድማችሁ አትስጡት፣ ምርመራውን ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ከሆናችሁና የከተማው ክሊኒክ አቅቶት ከላካችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው።

ሽታውን ከሥሩ ማጥፋት

ለእኛ የጠፋ ሽታ ለእሱ አልጠፋም፣ ሽታው ያለበትን ቦታ ደግሞ መጸዳጃ ብሎ ይይዘዋል። እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በረኪና ነው። ተዉት። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ትኩስ ከሆነ በአሮጌ ፎጣ ተጭናችሁ ምጠጡ፣ አትፈትጉት፣ ሲፈተግ ወደ ውስጥ ይገባል። በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁና እንደገና ምጠጡ። ኤንዛይም ያለው የቤት እንስሳት ማጽጃ ካገኛችሁ እሱን ብቻ አፍስሱና ዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። ካላገኛችሁ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ አቼቶና ውኃ እኩል አድርጋችሁ፣ ከዚያ ፀሐይ። የድሮ ቦታዎቹን ለማግኘት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተጠቀሙ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ወለሉን አብሩበት፤ ሽንት የነካው ቦታ ያበራል። የምታዩት ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

እንደገና ማለማመድ

ልክ እንደ ቡችላ አድርጉት። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ በመሃል ደግሞ በየሦስት አራት ሰዓቱ አውጡት። ምግቡን በሰዓት ስጡ፤ በሰዓት የገባ በሰዓት ይወጣል። አብራችሁት ውጡ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ሸንቶ ሲጨርስ እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ትንሽ ሥጋ ስጡትና አመስግኑት። ቤት ገብታችሁ ከሰጣችሁት ስለመግባቱ የተሸለመ ይመስለዋል። እንደሸናም ወዲያው ወደ ቤት አትጎትቱት፣ ትንሽ ያሽትት፣ ይዙር። ሽንት ማለት የሽርሽር ማለቂያ ነው ብሎ ከያዘ ማቆየት ይለምዳል።

ቤት ውስጥ ዓይናችሁ ሊያርፍበት በማይችልበት ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ይሁን። ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ተነሱ። ሲሸና እጅ ከፍንጅ ከያዛችሁት አትጩሁ፣ አንዴ አጨብጭቡና ወደ ውጭ ምሩት፣ እዚያ ከጨረሰ አመስግኑት። ከደረቀ በኋላ ያገኛችሁትን ዝም ብላችሁ አጽዱ። ሁለት ሳምንት ንጹሕ ከሆነ ሌላ ክፍል ክፈቱለት፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ ክፍል ላይ ከተሳሳተ ወደ ቀድሞው መልሱት። ምንጣፉን የምታነጥፉት መጨረሻ ላይ ነው።